ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ጃማ ንጉሥ፦ የወሎን ቅዱሳት መካናት እንዴት እንጎብኝ?

ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ የመጣች የአክስቴን ልጅ ሐይቅ እስጢፋኖስን ላሳያት ይዣት ሄድኩ። ሴት ወደ ወንዶቹ ገዳም እንደማትገባ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ለእርሷ መንገሩን ግን ዘነጋሁት። በሩ ላይ ስንደርስ የቆሙት አባት «እኅታችን እዚህ ይቆዩ» አሉ። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ገባሁና ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ስወጣ ከተውኳት ቦታ አጣኋት። ፍለጋ ስሄድ ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት የቡና ሽታ መጣ፤ አንዲት ሙስሊም እናት ፀሐይ ላይ መቆሟን አይተው አስገብተዋት ኖሯል። አቦሉ አልፎ ቶናው ተቀድቷል። እናትየዋ ስኒውን ወደ እኔ እያስጠጉ «እኅትን ፀሐይ ላይ አቁሞ ምን ዓይነት ጸሎት ነው ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የገዳሙን ደንብ ለአክስቴ ልጅ ቁጭ አድርገው ያስረዷትም እርሳቸው ነበሩ።

ወሎ ውስጥ ቅዱስ ስፍራ የጋራ ነው ሲባል ይህን ይመስላል። ገዳሙ የመነኮሳቱ ነው፤ ሐሪማው፣ ማለትም ሼሆቹ የሚያስተምሩበትና እንግዳ የሚቀበሉበት ግቢ፣ የሼሆቹና የደረሶቻቸው (የተማሪዎቻቸው) ነው። ደንቡን ግን ጎረቤቱም ያውቀዋል፤ እንግዳ ሲስት ያርማል፣ ሲደክመው ያሳርፋል። እንግዲህ እዚህ አገር ቅዱስ ስፍራ የሚጎበኝ ሰው ሁለት ነገር ይጠበቅበታል፦ የየበሩን ደንብ በሩ ላይ ከመድረሱ በፊት ማወቅ፣ ከበሩ ውጭ ያለውን ጎረቤትም የጉብኝቱ አካል አድርጎ መቁጠር። ከዚህ በታች ያለው ከደሴ ተነሥቶ ሐይቅ እስጢፋኖስን፣ ከዚያም እንደ ጃማ ንጉሥ ካሉት ከወሎ ታላላቅ የሐድራ (የዱዓና የመንዙማ ጉባኤ) ስፍራዎች አንዱን በሁለትና በሦስት ቀን ለማየት የሚያስፈልገው ሁሉ ነው። ለግሸን ለሚሄዱም ጥቂት ጨምሬአለሁ።

ቀኑን መምረጥ

ጉዞው የሚጀምረው ከቀን መቁጠሪያ ነው። በዓል ፈልጎ የሚመጣ አለ፤ ጸጥታ ፈልጎ የሚመጣም አለ። ሁለቱን በአንድ ቀን ማግኘት አይቻልምና አስቀድማችሁ ቁረጡ።

በዓሉን ለምትፈልጉ፦ እስጢፋኖስ በየወሩ በ17 ይታሰባል፤ ጥቅምት 17 ሢመቱ፣ ጥር 1 ደግሞ ሰማዕትነት የተቀበለበት ቀን ነው። ኅዳር 26 የገዳሙ መሥራች የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ መታሰቢያ ነው። ግሸን ማርያም መስከረም 21 ትነግሣለች። መውሊድ በእስልምና አቆጣጠር ረቢዑል አወል 12 ነው፤ ያ አቆጣጠር በጨረቃ ስለሚሄድ በዓሉ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። ስለዚህ አምና በዋለበት ቀን ዘንድሮ አትጠብቁት። በዓሉ ሊደርስ ሲል ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ካለ ሰው ጠይቁ፤ ሐሪማው እንግዳ መቀበል የሚጀምረው ከዋናው ቀን አስቀድሞ ነው።

ጸጥታውን ለምትፈልጉ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሻላል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ወደ ቀትር ይዘገያል፤ ገዳሙን ጠዋት ለማየት ያሰበ ሰው ከሰዓት በኋላ ድረስ ይጠብቃል። ዓርብ ደግሞ ጁምዓ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ሼህ ዘንድ መድረስ ሰውን ከሶላት ማስተጓጎል ይሆናል። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ለጸሎት የመጣው ሰው ነው እንጂ የጎብኚ አይደለም።

ወራቱን በተመለከተ ሐምሌና ነሐሴ የወሎ ዝናብ ይበረታል፤ የገጠሩ መንገድ ይጨቀያል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ አገሩ ለምለም፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። በረመዳን መምጣት የሚከለክል ነገር የለም፤ ነገር ግን በቀን መንገድ ዳር ቆማችሁ አትብሉ፣ አትጠጡ። ፀሐይ ስትጠልቅ ማፍጠሪያው ላይ ከተገኛችሁ ሳትቀምሱ የሚለቃችሁ ቤት አይኖርም።

መንገድ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ በኩል። በአውሮፕላን የሚመጣ ኮምቦልቻ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ሐይቅ ከተማ ደግሞ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል። ከደሴ መናኸሪያ ሚኒባስ ይኖራል፤ ከከተማው ወደ ገዳሙ በባጃጅ ወይም በእግር ይኬዳል። እግራችሁ ከጠና በእግር ሂዱ። ሐይቁ ቀስ በቀስ እየተገለጠ የሚመጣው ለእግረኛ ነው።

በቅርብ ዓመታት ወሎ ብዙ አይቷል፤ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ከመነሣታችሁ በፊት የምታውቁት የአገሩ ሰው ጋር ደውሉ፤ ሾፌሮችንም ጠይቁ። «አትነሡ» ከተባላችሁ አትነሡ። ገዳሙ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ቆይቷል፤ እናንተን አንድ ወር መጠበቅ አያቅተውም።

ልብስ ስታዘጋጁ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለች አትርሱ፤ ማታ ይበርዳል። ሐይቅ ዝቅ ይላል፣ ቀን ይሞቃል። ወንዱ ረጅም ሱሪ፣ ሴቷ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስና ነጠላ ይያዙ። ነጭ ነጠላ ቤተ ክርስቲያን ያስገባል፤ በሐድራም ራስ መሸፈኛ ይሆናል። ጫማ በሁለቱም ስፍራ ይወልቃልና ማሰሪያው የበዛ ጫማ አታድርጉ፤ ንጹሕ ካልሲም ያዙ።

ባዶ እጅ አይኬድም

እጅ መንሻ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ እንግዳ ከሁሉ በላይ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ የሥጋው ነገር። ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ድንኳን ሰርግ ይበላሉ፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይበስላል፣ ለየብቻ ይቀርባል። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም አራጅ ጠርቶ በሬ ወይም በግ ለይቶ ይሰጣል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲሁ ያደርጋል። ይህን በቅሬታ የሚያየው ሰው አላጋጠመኝም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የመከባበር ሥርዓት ሆኖ ነው ያየነው። ስለዚህ ከከተማ የገዛችሁትን ሥጋ ወይም ሥጋ ያለበትን ስንቅ ይዛችሁ ወደማንም ቤት አትግቡ። በግ ተስላችሁ ከሆነ በሕይወቱ አስረክቡ፤ ማረዱ የባለቤቶቹ ሥራ ነው። ሼህ ዘንድ ስለቱ ነዝር ይባላል።

ታዲያ ምን ይያዝ? ዕጣን። ዕጣን በገዳምም ይጤሳል፣ በሐድራም ይጤሳል። ከደሴ ገበያ ጥሩውን መርጣችሁ ግዙና በሁለት ቋጠሮ ለዩት። ለገዳሙ ጧፍና ዘቢብ ጨምሩ፤ ዘቢቡ ለቅዱስ ቁርባን ይሆናል። ለመነኮሳቱ ምግብ መስጠት ከፈለጋችሁ ሽምብራ፣ ምስር፣ ጨው የመሰለ ደረቅ እህል ይሁን። ለሐድራው ያልተቆላ ቡና፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል መልካም ነው። በየመንገዱ ለሚቀበሏችሁ ቤቶች ደግሞ ተጨማሪ ቡናና ስኳር በትንንሹ ቋጥሩ። እኔን ያን ቀን የጎዳኝ ይህ ነው፤ ከእናትየዋ ቤት ስንወጣ የምሰጠው አንድም ነገር አልነበረኝም። ገንዘብ ባወጣ ደግሞ ቡናውን እንደሸጡ ማስመሰል ይሆንብኛል ብዬ አፍሬ ዝም አልኩ።

አልኮል በማንኛውም መልኩ ወደ ሐሪማ አይገባም፤ በመኪና ውስጥም ቢሆን አትተዉት። ዝርዝር ብር ያዙ። በገዳሙ ወደ ሙዳየ ምጽዋት ይገባል፤ በሐድራ ለሚቀበለው ኸሊፋ፣ ማለትም ለሼሁ ተተኪ፣ በእጅ ይሰጣል። ቆጥሮ ማሳየት ነውር ነው።

ሐይቅ እስጢፋኖስ

ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ይደርሳል። ገዳሙ ያለበት ቦታ ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ ልሳነ ምድር ሆኗል። የአካባቢው ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ስለ ሐይቁ አፈጣጠር አንድ ታሪክ ይነግራችኋል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ወይዘሮ ተበድላ ፍርድ አጣች፤ ወደ ፈጣሪ ጮኸች፤ አገሩ ሁሉ ውኃ ሆነ፣ እርሷ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደርቆ ቀረ። ደሴቱ ያ ነው ይላሉ። ታሪኩን የሚነግራችሁን ሰው አታቋርጡ፤ አተራረኩ ከሰው ሰው ይለያያል፣ እያንዳንዱም የራሱን ይጨምርበታል።

ቤተ ክርስቲያኑ ከገዳሙ የቀደመ መሆኑን ትውፊቱ ይናገራል፤ እስከ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያደርሰዋል። ገዳሙን የተማሪ ቤት አድርገው ያቋቋሙት ግን አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው፤ ከደብረ ዳሞ ተምረው መጥተው በ1240 ዓ.ም. ገደማ። በአገራችን ታሪክ ትልልቅ ስም ያላቸው መነኮሳት ከዚህ ወጥተዋል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የምንኩስና ትምህርታቸውን ለዓመታት የተማሩት እዚህ ነው፤ የጣናውን ዳጋ እስጢፋኖስ የመሠረቱት አባ ኂሩተ አምላክም የዚህ ቤት ልጅ ናቸው። የሐይቅ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነገሥታቱ አደባባይ ከፍ ያለ ሥልጣን ነበራቸው። ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ነው፤ ዘመናቸው በውስጣቸው ከተመዘገበ የኢትዮጵያ ብራናዎች መካከል በዕድሜ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ይህን ሁሉ አውቃችሁ ስትገቡ ግቢው ሌላ ይሆናል። ሳታውቁ ከገባችሁ የምታዩት ዛፍና ቆርቆሮ ብቻ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ አሠራሩ። ከቅዳሴ በኋላ ድረሱ። በሩ ላይ ቁሙ፤ ዘላችሁ አትግቡ። ለሚቀበሏችሁ አባት ስማችሁን፣ የመጣችሁበትን፣ የመጣችሁበትን ምክንያትም ንገሩ። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ መስቀል ተሳለሙ፤ «አባቴ ይፍቱኝ» በሉ። ሙስሊም ወይም ሌላ እምነት ተከታይ ከሆናችሁ አትደብቁ፤ «ሙስሊም ነኝ አባ፣ ገዳሙን ለማየት ነው የመጣሁት» ማለት ይበቃል። መስቀል እንድትሳለሙ የሚያስገድዳችሁ የለም። አንገትን ዝቅ አድርጎ «ጤና ይስጥልኝ» ማለት በቂ አክብሮት ነው። አንድ የወረባቦ ወረዳ ሰው በር ላይ «እኔ እንኳ ሙስሊም ነኝ» ብሎ ሲያመነታ፣ መነኩሴው «እንግዳ ነህ አላልኩህም፤ ግባ» ሲሉት ሰምቻለሁ።

ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም ቅጥር አይገቡም። ይህ ሐይቅ ላይ ብቻ ያለ አይደለም፤ በብዙ የወንዶች ገዳማት የቆየ ደንብ ነው። ሴት ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ ደሴ ሳላችሁ ንገሯት፤ እስከ የት መድረስ እንደምትችል፣ ምን ማየት እንደሚፈቀድላት በር ላይ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መቆያዋንም አብራችሁ አስቡ። የሐይቁን ዳር ተከትሎ መሄድ፣ ወፍ ማየት፣ ጀልባ ከተገኘ ከውኃው ላይ ሆኖ ገዳሙን ማየት ይቻላል። ወንዶቹ በሁለት ቡድን ተከፍላችሁ ተራ በተራ ብትገቡ ማንም ብቻውን አይቆይም። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ የማደርገው ይህን ነው።

በግቢው ውስጥ ድምፅ ዝቅ ይበል። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ውጭ ይቀራል። ቅኔ ማኅሌቱ ላይ ትቆማላችሁ፤ መጋረጃው ወዳለበት ወደ መቅደሱ ከካህናት በቀር ማንም አይጠጋም። ብራና ከታየላችሁ እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉ፤ ገላጩ አባት ናቸው። የእጅ ወዝ ቀለምን ይበላል፤ የካሜራ ብልጭታም እንዲሁ። ለጥናት የመጣችሁ ከሆነ ደሴ ካለው ሀገረ ስብከት ደብዳቤ ሳትይዙ ብራና አታስወጡ። መነኮሳቱ ያን ሀብት በስንት መከራ እንዳቆዩት ለሚያውቅ ሰው ጥንቃቄያቸው አይከብደውም።

ለኦርቶዶክሳውያን የምታውቁትን ላስታውስ፦ የወር አበባ ላይ ያለች ሴትም ሆነ ሌላ የሚከለክል ነገር ያለበት ሰው በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሆኖ ይጸልያል።

ምሳ በሐይቅ

ከገዳሙ ስትወጡ ይርባችኋል። እዚህ ላይ ሐይቁ የሰጠን አንድ ጸጋ አለ፤ ዓሣ። ቆሮሶ ከሐይቁ ይወጣል። ዓሣ ደግሞ እርድ አያስፈልገውም። በሥጋ ገበታ ለየብቻ የምንቀመጥ ሰዎች በዓሣ ገበታ ከአንድ ትሪ እንበላለን። ሙስሊምና ክርስቲያን ጓደኛሞች ሆናችሁ ከመጣችሁ የምትበሉትን ለመምረጥ አትቸገሩም፤ በዘይት የተጠበሰ ቆሮሶ፣ እንጀራ፣ ሎሚና ሚጥሚጣ እዘዙ። በጾም ቀን ከሆነ ክርስቲያኑ የንስሐ አባቱ እንዳሉት ያድርግ፤ ሽሮ አይጠፋም።

እየበላችሁ ጨዋታ ይነሣል። ሰውን «እርስዎ ሙስሊም ነዎት ወይስ ክርስቲያን?» ብላችሁ አትጠይቁ። ወሎ ውስጥ የልጁ ስም አሕመድ፣ የአባቱ ተስፋዬ፣ የአያቱ ደግሞ ዑመር ሊሆን ይችላል። ይህ ደስ የሚል ታሪክ ብቻ የለውም። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ጥግ ባለው በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ ሰብስበው ብዙ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ተገደዋል፤ የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ ዓሊ ራሳቸውም ተጠምቀው ሚካኤል ተብለዋል፣ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል። አንዳንዱ ቤተሰብ በዚያው ጸና፣ አንዳንዱ ተመለሰ፣ አንዳንዱ ከፊሉ ወዲህ ከፊሉ ወዲያ ሆነ። ስለዚህ የስም መደባለቅ ስታዩ ያ ቤት የተሸከመው ታሪክ እንዳለ አስቡ። ሰውየው ራሱ ካጫወታችሁ ግን አዳምጡ። ከመጽሐፍ የማይገኝ ነገር ትሰማላችሁ።

ወደ ሐድራው

ሁለተኛውን ቀን ለሐድራ ስጡ። ወሎ የሼሆች አገር ነው። ጃማ ንጉሥ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ በኖሩት በሼህ ሙሐመድ ሻፊ የተመሠረተ ነው፤ በመውሊዱ የታወቀ ነው። በቃሉ ወረዳ ያለው፣ «ጌታ» የሚባለው፣ የሐጂ ቡሽራ ስፍራ ነው፤ ወደ የጁ በኩል ደግሞ ዳና አለ። ወደ የትኛው እንደምትሄዱ ምረጡ፤ በአንድ ቀን ሁሉንም አትሩጡ። ዝያራ፣ ማለትም የሼህ ስፍራ ጉብኝት፣ ሩጫ አይወድም። መንገዱን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ መናኸሪያ ላይ «ለዝያራ የምሄድ ነኝ» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚመራችሁ አታጡም።

አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። በዚህ ጉዳይ ሙስሊሙ ሁሉ አንድ አሳብ የለውም፤ የሼህ መቃብር መዘየርን የማይቀበሉ አሉ። ክርስቲያን ሐድራ መቀመጡን የሚቃወሙ ካህናትም አሉ። ጎብኚ የዚህ ክርክር ዳኛ አይደለም። ከተጠየቃችሁ «ለማየትና ለመማር መጣሁ» በሉ፤ ይህም እውነት ነው። በእምነታችሁ የማይፈቀድላችሁ ሥርዓት ላይ ሲደረስ በጸጥታ ወደ ኋላ መቀመጥ ትችላላችሁ። ማንም አይቆጣችሁም።

ሐሪማው ስትደርሱ በመጀመሪያ የምታገኙት ደረሶቹን ነው፤ ከየአገሩ ቂርአት ሊቀሩ፣ ማለትም የሃይማኖት ትምህርት ሊማሩ፣ የመጡ ወጣቶች። «አሰላሙ አለይኩም» በሏቸው። ክርስቲያንም ቢል በወሎ የሚደንቀው ሰው የለም፤ «እንደምን ዋላችሁ» ማለትም ይቻላል። ወደ ኸሊፋው ወይም ወደ ቤቱ ታላቅ ሰው ይወስዷችኋል። የያዛችሁትን ዕጣንና ቡና ለተቀባዩ አስረክቡ። ወንድና ሴት ለየብቻ ይቀመጣል። የት እንደምትቀመጡ እስኪያሳዩአችሁ ቁሙ፤ ከተቀመጣችሁ በኋላ እግራችሁን ወደ ሰው አትዘርጉ፤ በሚሰግድ ሰው ፊት አታቋርጡ።

ከዚያ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ምንጣፉ ላይ ሰው ጥግ ለጥግ ይቀመጣል። መሐል ላይ የዕጣኑ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣና ጣሪያው ሥር ይዘረጋል። ጀበናው ይመጣል፣ ጫት ይታደላል። አንድ ድምፅ መንዙማ ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ድቤው ቀስ ብሎ ይገባል። መንዙማው ዐረብኛ ብቻ አይደለም። የወሎ ሼሆች በዐረብኛ ፊደል አማርኛ እየጻፉ ለዘመናት የተቀኙበት ነው፤ ጆሮአችሁ ቃሉን ይይዛል። ክርስቲያን ሆናችሁ ሳታስቡት «ይህስ ቅኔ ነው» ትላላችሁ። በየመካከሉ ዱዓ ይደረጋል፤ መዳፍ ወደ ላይ ተዘርግቶ «አሚን» ይባላል፣ በመጨረሻ መዳፉ ፊት ላይ ይታበሳል። ዱዓው ለታመመ፣ ለመንገደኛ፣ ለዝናብ፣ ለአገር ሰላም ነው። ጉዳይ ካላችሁ ለአጠገባችሁ ሰው በጆሮ ንገሩት፤ እርሱ ያደርስላችኋል፣ ጉባኤውም አሚን ይልላችኋል።

ጫት ካልቃማችሁ አትደንግጡ። የተሰጣችሁን በሁለት እጅ ተቀበሉ፣ «ዱዓ አድርጉልኝ» በሉና አጠገባችሁ አስቀምጡት። ቡናውን ግን ጠጡ። አቦል ጠጥቶ መነሣት አይገባም፤ ሦስተኛው ስኒ በረካ ይባላል፤ የሚጠበቀውም እርሱ ነው። ሰዓት ካጠራችሁ ስትገቡ ተናገሩ፤ ተመርቃችሁ ትወጣላችሁ።

በመውሊድ ከመጣችሁ ይህ ሁሉ በሺህ ሰው ተባዝቶ ይጠብቃችኋል። ማደሪያ ፍራሽ አትጠብቁ፤ ጋቢ ይዛችሁ ኑ። የጠፋ ልጅና የጠፋ ጓደኛ ይበዛልና መገናኛ ቦታ አስቀድማችሁ ቅጠሩ።

ግሸንን ለሚጨምሩ

ግሸን ደብረ ከርቤ በአምባሰል ወረዳ፣ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው መስቀለኛ አምባ ላይ ናት። ከግማደ መስቀሉ ጋር በተያያዘው ትውፊት መስከረም 21 ከየአገሩ ብዙ ሕዝብ ይወጣል። በበዓሉ ሰሞን ከደሴ ቀጥታ የሚሄድ መኪና አይጠፋም። ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ተነሡ፤ ወደ አምባው የሚያስገባው መንገድ ጠባብ ነው፣ ከ20 ማታ ጀምሮ ይጨናነቃል። የልብ ወይም የትንፋሽ ሕመም ያለበት ሰው ከበዓሉ ውጭ፣ ቀስ ብሎ ይውጣ። የሌሊቱ ብርድ ብርቱ ነው፤ ጋቢና ኮፍያ ያስፈልጋል። ውኃ ያዙ፤ ግን በመንገዱ ዳር የአምባሰል ሙስሊሞች ውኃና ቆሎ ይዘው ቆመው ተሳላሚውን ሲያስተናግዱ ታያላችሁ። የሰጧችሁን ተቀበሉ፤ «አለኝ» ብላችሁ አትለፏቸው። እነርሱም ለበዓሉ ያዘጋጁት ነው።

ፎቶና መለያየት

ፎቶ በየበሩ አዲስ ፈቃድ ይጠይቃል። ገዳም የፈቀደ ሁሉ መነኩሴውን ለማንሣት ፈቀደ ማለት አይደለም። በሐድራ ውስጥ ሴቶች ወዳሉበት ካሜራ አይዞርም፤ ዱዓ ሲደረግም ስልክ ይቀመጣል። ሕፃናትን ስታነሡ እናታቸውን ጠይቁ።

ስትለያዩ ሳትሰናበቱ አትውጡ። ታላቁን ሰው «መርቁን» በሉ፤ ቁማችሁ፣ ራሳችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ተቀበሉ። የገዳሙ አባት በመስቀል፣ ሼሁ በመዳፍ፣ ቡና ያጠጧችሁ እናት ደግሞ «አብሽሩ፣ በሰላም ግቡ» ብለው ይሸኟችኋል።

ያነሣችሁትን ፎቶ «እልክላችኋለሁ» ካላችሁ ላኩ። በስልክ የሚላክ ሥዕል ለብዙዎቹ አይደርስምና በወረቀት አሳትማችሁ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ስጡ። የአክስቴ ልጅ ከዚያች እናት ጋር የተነሣችውን ፎቶ አሳትማ፣ አንድ ኪሎ ቡና ጨምራ፣ በእኔ እጅ ላከችላቸው። በሚቀጥለው ዓመት ብሄድ ከመካው ሥዕል ጎን ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል። ስኒውን እያጠቡ በመጀመሪያ የጠየቁኝ «ያቺ ፀሐይ ላይ ያቆምካት ልጅ አገባች ወይ?» ብለው ነው።